ከሰባ አንድ በኋላ የቀሩት አምስቱ

የዘይት ቀለም ሽታ በመጣብኝ ቁጥር ጣቶቼ ዕረፍት ያጣሉ፤ ነገሌ ቦረና ያለው ቤታችን፣ አባቴም የቆርቆሮ በራችን ላይ በሰማያዊ ቀለም 10001 ብሎ የጻፈበት የጥር ቀን ተመልሰው ይመጣሉ።

አባቴ ነርስ ነበር፤ ዶሎ ኦዶ ስደተኞች ጣቢያ እየሠራ በሦስት በሦስት ወር ይመጣ ነበር። ሲሄድ ለእኔና ለታላቅ እኅቴ ለሊድያ ሁልጊዜ አንድ ሥራ ይተውልን ነበር፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም እኩል የማይካፈለውን ቁጥር፣ መጽሐፋችን «ብቸኛ ቁጥር» የሚለውን፣ ካለፈው የሚበልጥ አድርገን እንድንፈልግ። ሲመለስ ሻንጣውን ሳያወርድ «ስንት ደረሳችሁ?» ይል ነበር። እናቴ ስሙን አትወደውም ነበር፤ «ደግሞ ብቸኛ ተፈልጎ ይገኛል? እኔ አለሁላችሁ አይደል?» እያለች ትስቅብን ነበር።

በዚያ በጋ ሊድያን ቀድሜ አሥር ሺህን ለመሻገር ቸኩዬ 10001ን ያዝኩ። አካፋይ ካለው አንዱ የግድ ከመቶ በታች ነውና፣ ከመቶ በታች ላሉት ሃያ አምስት ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ ማካፈል ነበረብኝ፤ ሃያውን ጨርሼ ሰባ አንድ ላይ ስደርስ አባቴን ያመጣው አይሱዙ ጥሩምባውን ነፋ፣ እኔም አምስት ቀርተውኝ «አገኘሁ!» እያልኩ ወጣሁ። እሱም አምኖኝ በማግስቱ በሩ ላይ ጻፈው።

ጎረቤታችን ኦቦ ጅሎ ቆመው አዩና «አካም፣ ቀበሌ የቤት ቁጥር ቀየረ እንዴ?» አሉ።

«አይ ኦቦ፣ ልጄ ያገኘው ነው፤ ለማንም አይካፈልም!» አላቸው አባቴ።

አባቴ በሄደ በሳምንቱ ሊድያ ደብተሯን ዘርግታ «ሰባ ሦስትን ሞክረኸዋል?» አለችኝ። ስሌቱን በጣቷ አሳየችኝ። «ሰባ ሦስት ሲባዛ በመቶ ሠላሳ ሰባት አሥር ሺህ አንድ ነው። ቀጣፊ! እኔ አልነግረውም፤ አንተው ትነግረዋለህ።»

በመጋቢት ዝናቡ ሲጀምር ቀለሙን ያጥብልኛል ብዬ እየወጣሁ እየገባሁ አየው ነበር፤ ዝናቡ ግን አቧራውን አጥቦ ቁጥሩን ይበልጥ አበራው። አባቴ ኔትወርክ አግኝቶ ሲደውል «ቁጥራችን ደህና ነው?» ይለኝ ነበር፣ እኔም «ደህና ነው» ብዬ ስልኩን ለእናቴ እሰጥ ነበር። ምግብ አልበላ አለኝ፤ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በአጥር በኩል እሾልክ ጀመር።

ሚያዝያ ላይ አባቴ ጭቃውን ከጫማው ሳያራግፍ በሩ ላይ ያዝኩት።

«አባዬ፣ ይካፈላል። ሳልጨርስ ነው ጨረስኩ ያልኩህ።»

መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ አባዝቶ ሲያበቃ ፊቴን አየና «ስንት ቀርቶህ ነበር?» አለኝ።

«አምስት።»

«ለአምስት ነው እንዲህ የከሳኸው?»

እናቴ ከውስጥ ሰምታ «ብቸኛ አይደለም ማለት ነው? እሰይ!» አለች። አባቴ የተረፈውን ቀለም አውጥቶ ብሩሹን ሰጠኝ፤ ከሥሩ 73 × 137 ብዬ ጻፍኩ።

ዛሬ 10001 እንደሚካፈል ስልኬ በቅጽበት ይነግረኛል፤ ሰዎች በኮምፒውተር እያሳደዱ የደረሱባቸው ትልልቆቹ ብቸኛ ቁጥሮችማ ቢጻፉ ብዙ መጻሕፍት ይሞላሉ። እኔም ራሴን አስተምሬ የጻፍኩትን ፕሮግራም በአሮጌ ላፕቶፕ አስሮጣለሁ። ማሽኑ «ተገኘ» ሲለኝ ልቤ እንደ ያኔው ይዘላል፣ ተነሥቼ ክፍሉን እዞራለሁ፣ ተመልሼ እንደገና ከመጀመሪያው እፈትሻለሁ። አባቴ ጡረታ ወጥቶ ነገሌ ተቀምጧል፤ አሁን የሚጠብቀው እሱ ነው። ሲደውል «ስንት ደረስክ?» ይለኛል።

«ገና አልጨረስኩም አባዬ» እለዋለሁ።