ጋሽ ተሳቢ ያልቀመሰው ቢራ

ሠላሳ ዓመት ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና የነዳ ሰው ዊልቸር ላይ ሲቀመጥ አንገቱን ይደፋል ብላችሁ ከጠበቃችሁ፣ ጋሽ ተሳቢን አታውቁትም። ወደ ኋላ ሲሄድ ዛሬም የቀድሞ ረዳቱ፣ ያ አሁን ፀጉሩ የሸበተው ወዳጁ፣ ቆሞ "ና፣ ና፣ ቀኝ ስበር፣ በቃ!" ካላለው አይንቀሳቀስም።

የሰፈሩ መጠጥ ቤት መግቢያው ላይ ደረጃ ነበረው። ስድስት ወር ሙሉ ጓደኞቹ እዚያ ሲስቁ ከቤቱ ሆኖ ሰምቷል፤ ቅናቱም አንጀቱን በልቶታል። ተሸክመን እናስገባህ ቢሉት፣ ጭነት ሳመላልስ ኖሬ በስተርጅና ጭነት አልሆንም ብሎ እምቢ አለ። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ደረጃውን አስፈርሳ የሲሚንቶ መወጣጫ ባሠራች ማግስት ግን ከረዳቱ ጋር ቤቱን ሊመረምር ሄደ።

መወጣጫውን ሁለቴ ወጥቶ ወረደና "አለፈ" አለ። ጠረጴዛው ጉልበት ያስገባል። ዘፈኑ ጆሮ አይበጥስም፣ ጨዋታው ደርቷል። ሴትየዋ ደስ ብሏት ቢራ ቀዳችለት። አመሰገነና ብርጭቆውን ዝም ብሎ ያየው ጀመር።

አረፋው ሲጠፋ ሌላ ቀዳች። አልነካውም። ቀዝቅዞበት ይሆናል ብላ ለዘብ ያለ አመጣች፤ በኋላም ራሷ ፊቱ ቀምሳ አሳየችው። የተረፈውን ሁሉ ረዳቱ ስለሚያወራርድ ዓይኑ ቀልቷል።

"ጋሼ፣ ቢራዬ ምን በደለዎት?" አለችው፣ እንባዋ ሊመጣ ደርሶ።

ጋሽ ተሳቢ አፈረ። "ቢራሽስ ምንም አልበደለኝ፣ እታለም። የጠጣ ሰው ግን መሄጃ ይፈልጋል። ስገባ በዓይኔ ለክቼዋለሁ፣ የሽንት ቤቱ በር በሁለት ጣት ይጠበኛል።"

ሴትየዋ ካቻቢቴ አምጥታ በሩን ከነማጠፊያው ነቀለችው። ጋሽ ተሳቢ በረዳቱ "ና፣ ና" እየተመራ በኋላው ገባ፤ ልክክ አለ። ረዳቱ የጠረጴዛ ልብስ ዘርግቶ ከለለው፣ ቤቱ ሙሉ ሰውም ለይሉኝታ ሲል ጮክ ብሎ ዘፈነ። ለሙከራ ብቻ እንደገባ የነገራቸው ሲወጣ ነው። ከዚያ ብርጭቆውን አንስቶ ባንድ ትንፋሽ ጨለጠና ድገሚኝ አለ።

ሴትየዋ ያዘዘችው ሰፊ በር ተሠርቶ እስኪመጣ ሳምንት ፈጀ። በዚያ ሳምንት ሽንት ቤት መሄድ የፈለገ ሁሉ፣ ጎረምሳም ሆነ ሽማግሌ፣ ጋሽ ተሳቢን ደጅ ይጠና ነበር። እሱም ጨርቁን ዘርግቶ፣ ፊቱን አዙሮ፣ "አይዞህ፣ ማንም አያይህም" እያለ ያጽናናቸዋል።