የቨርነን አውራ ጣት

ባሌ ቨርነን ስታኪ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አጭበርባሪ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ እሱ ክፉ ላወራ ስለሆነ ነው። ኦሃዮ፣ ዴይተን ከተማ ውስጥ የቤዝቦል ካርድና የተፈረመበት ኳስ የምንሸጥበት ሱቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ይዘናል፤ አንድም ቀን የውሸቱን ፊርማ እውነተኛ ነው ብሎ አልሸጠም። ትዕቢቱ ግን አንጀቴን ያሳርረው ነበር።

እዚህ አገር ጣሪያው ሥር የተፈረመበት ኳስ ያላስቀመጠ ቤት የለም። ሁሉም ከተጫዋቾቹ እጅ የተገኘ ነው ይላል። አብዛኛው ግን ስታዲየም በር ላይ ከሆት ዶግ ጋር የሚሸጥ፣ የቡድኑ ሁሉ ፊርማ በማተሚያ የተመታበት የልጆች ማስታወሻ ነው። መለየቱ ያን ያህል አይከብድም። የታተመው ቀለሙም ውፍረቱም አንድ ነው፤ ቀለሙ ከላይ ይተኛል እንጂ ኳሱ የተለበጠበት ቆዳ ውስጥ አይሰምጥም። ሰው የፈረመበት ከሆነ ብዕሩ ቆዳውን ያጎደጉደዋል፤ ስፌቱ ጋ ሲደርስም እጅ ይደናቀፋል።

ሌላው ነጋዴ ይህን በአጉሊ መነጽር ያያል። የኔው ጉደኛ ግን ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ይዳብሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ይህን ለማየት ሰው ይሰበሰብለታል። መነጽሩን አውጣ ስለው፣ እሱ ለዕውር ነው ይለኛል።

ሌስተር ፕሩት የመጣው እንዲህ ባለ ቅዳሜ ነው። ከቨርነን ጋር በወጣትነታቸው ብረት ማቅለጫ አብረው ሠርተዋል። ዝምተኛ ሰው ነው። ኳሱን በካልሲ ጠቅልሎ ነበር የያዘው። ሊሸጠው አልነበረም የመጣው። አባቱ ጥሏቸው የሄደው ሌስተር ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ ነው፤ ከመሄዱ በፊት የሰጠው ነገር ይህ ኳስ ብቻ ነበር። «ተጫዋቾቹ በሚወጡበት በር ላይ ሁለት ሰዓት ዝናብ ሲመታኝ ቆሜ ነው ያስፈረምኩልህ» ብሎታል። እናቱ ደግሞ ከዚያ ሰውዬ አፍ እውነት ወጥቶ አያውቅም እንዳለች ሞተች። አሁን አባትየው ቶሊዶ ከተማ፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ተኝቶ፣ ሳልሞት ና እየኝ ብሎ ጽፎለታል።

«ይሄ እውነት ከሆነ ሄጄ አየዋለሁ» አለ ሌስተር፣ ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ። «ውሸት ከሆነ ግን እናቴ ልክ ነበረች ማለት ነው።»

ያኔ ሰዉን አስወጥቼ በሩን መዝጋት ነበረብኝ። አላደረግሁትም። ቨርነን ዓይኑን ጨፍኖ ኳሱን ዳበሰ፤ ልሙጥ ነው። ዓይኑን ገልጦ አንዴ ብቻ ገረፍ አደረገው፤ ፊርማው ሁሉ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ነው። ቢጫነቱን ከእርጅና ቆጠረው።

«የታተመ ነው» አለ።

ሌስተር ወደ ባንኮኒው ቀረብ አለ። «አባቴ የራሱን ብዕር እኮ ነው ያቀበላቸው። ለዚያ ነው ቀለሙ አንድ የሆነው።»

«የሁሉም ሰው አባት እንደዚያ ነው የሚለው፣ ወንድሜ» አለ ቨርነን፣ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞር ብሎ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምነው አፌን በቆረጠው። ሌስተር ኳሱን ከነካልሲው ባንኮኒው ላይ ጥሎት ወጣ።

አባቱ መጋቢት ላይ መሞቱን ከጋዜጣ አነበብኩ። ሌስተር አልሄደም ነበር፤ ቀብሩ ላይም አልተገኘም።

ኳሱን ቨርነን መስኮቱ ሥር ያለው የትርኪምርኪ ቅርጫት ውስጥ ወርውሮት ነበር። በሁለተኛው በጋ አቧራ ስጠርግ አነሳሁት። ፀሐይ ሰነጣጥቆታል። በጥፍሬ ብነካው ቢጫ ነገር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ። ቫርኒሽ ነው። እንጨት እንዲያብረቀርቅ የሚቀባው ዓይነት። የድሮ ሰዎች ፊርማው እንዳይደበዝዝ ብለው ኳሱን ቫርኒሽ ይቀቡት ነበር፤ ይህንን ከቨርነን የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ኳስ አበላሹ እያለ ስንቴ ሲራገም ሰምቼዋለሁ። የዳበሰው ቫርኒሹን እንጂ ፊርማውን አልነበረም። ከሥሩ ብዕር ያጎደጎደው ቆዳ ወጣ። አንዱ ፊርማ ስፌቱ ላይ ተሰብሯል። የሌላው ጫፍ ደግሞ ውሃ ጠብ ብሎበት ተበትኗል። ዝናብ።

መነጽሩንና ኳሱን ቨርነን ፊት አስቀመጥኩ። ደጋግሞ አየው። ፊቱ አመድ መሰለ። ዛሬውኑ ለሌስተር ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ አልኩት፤ ኳሱን በካልሲው ጠቅልለን አብረን ሄድን።

ሌስተር ግቢው ውስጥ የሣር ማጨጃውን ፈታትቶ ተቀምጧል። መጀመሪያ ካልሲውን አየ፣ ቀጥሎ የኔን ፊት። ገባው።

«ሌስተር፣ ስለዚያ ኳስ...» ብሎ ጀመረ ቨርነን።

«የታተመ ነው ብለኸኛል።»

«ብዬህ ነበር፤ ግን...»

«ግን አትበለኝ። ከዚያ በኋላ አባቴ ሦስት ደብዳቤ ጻፈልኝ። አንዱንም ሳልከፍት ነው የመለስኩለት።» እጁ ላይ ያለውን የማሽን ዘይት በጨርቅ ደጋግሞ ጠረገ። «አሁን ደግመህ ንገረኝ። ምንድን ነው?»

ቨርነን ወደ እኔ ዞረ። እነግረዋለሁ ያልኩት እኔው አቀረቀርኩ።

«የታተመ ነው» አለ ቨርነን።

ሌስተር ራሱን ነቀነቀና ወደ ማሽኑ ጎንበስ አለ። ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ አልገባለት አለ።

ኳሱ እስከ ዛሬ እኔ ጋ ነው፣ በዚያው ካልሲ እንደተጠቀለለ። ሌስተር መጥቶ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልወሰድኩለትም።