እንፋሎቱ እስኪወጣ

ከሐይቅ ከተማ የወጣሁ ለታ እህቴ ዘሃራ ባቄላ ጣደችልኝ። ከሐይቁ ዳር ካለችው ማሳችን የተለቀመ ነው። ከቀትር ጀምሮ ማሰሮው አፉ በሊጥ ተመርጎ ሲንተከተክ ውሎ ለመግሪብ እንኳ አልደረሰ። የደሴው ሚኒባስ ጡሩንባውን ሲያንባርቅ፣ ያልበሰለውን እንዳለ በሻሼ ጫፍ ቋጠረችልኝና «አብሽሪ፣ እዚያም ባቄላ አይጠፋም» አለችኝ።

ሰሚራ፣ እንደማወራው ጻፊው፣ አታሳምሪብኝ።

ጀርመን የመጣሁት ልጄ፣ እናትሽ ፋጡማ፣ ሥራ ስትውል አንቺን ላሳድግ ነው። ብርዱን ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ የአምባሰል ተራራ ንፋስ እዚህ ቢመጣ ሙቀት ነው የሚባል። ሰዉ ደረጃ ላይ ሲያገኝሽ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። እኛ ዘንድ እስላሙም ክርስቲያኑም የከብቱን ጤና ሳይጠይቅሽ ያልፋል?

ፋጡማ ፕሬዠር የሚሉትን ድስት አሳየችኝ። ክዳኑ እንደ በር ይቆለፋል፣ አናቱ ላይ መተንፈሻ አለው። ቶሎ ያበስላል ብላኝ ሥራ ሄደች። ጣድኩት። ማፏጨት ሲጀምር ጊዜ ጣዕሙ ሁሉ ወጥቶ ሊያልቅብኝ ነው አልኩና፣ እንደ አገራችን ሊጥ አቡክቼ መተንፈሻውን በማንኪያ መረግሁት። ጸጥ አለልኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ሳሎን ስወጣ፣ ያ ድስት በጎኑም ሌላ መተንፈሻ ነበረው ኖሮ፣ እሱ ተበርግዶ ባቄላው ጣራ ላይ ተለጠፈ። አላህ ጠበቀን፣ ሰው አልነካም።

የቤቱ ባለቤት ከታች እየሮጠ ወጣ፣ ፋጡማም ከሥራ ደረሰች። የተባባሉትን ኋላ ነው የነገረችኝ።

«ምንድን ነው የፈነዳው?»

«ባቄላ ነው።»

«ባቄላ እኔም እበላለሁ፤ ጣራዬን መትቶ አያውቅም። ሁለተኛ ከሰማሁ ቤቴን ልቀቁ።»

ሲሄድ ጊዜ ፋጡማ «እማ፣ ከእንግዲህ እኔ በሌለሁበት ምድጃ አትነኪም» አለችኝ።

ወላሂ፣ ከፍንዳታው ይልቅ ይሄ አስደነገጠኝ። ላበላችሁ መጥቼ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? እንግዲያው አስተምሪኝ አልኳት፣ አስተማረችኝ። ባቄላ አረፋ ስለሚያነሳ ከነውሃው ከግማሽ አታሳልፊው። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ አትጣጂው። መተንፈሻውን ወደ ብርሃን ይዘሽ አጮልቂ፣ ቀዳዳው ወዲያ ማዶ ካላሳየሽ እጠቢው። ሲያፏጭ እሳቱን ቀንሺ። ሲበስል አጥፊና ተይው፤ ክዳኑ ላይ ብቅ የምትለው ቀይ ቁልፍ ራሷ ካልወረደች በጉልበት አትታገይው። ይኸው፣ እስካሁን በእሱው አበላችኋለሁ።

አሁን በቅርቡ ፋጡማ ለዘሃራም አንድ ላከችላት። ዘሃራ ጥርሷ አልቆ ባቄላ ከተወች ቆይታለች። ትናንት ደወለችልኝ፣ ቡታጋዝ ላይ ጥዳዋለች።

«እትየ፣ ያፏጫል። ሊጥ ልምረግበት?»

«እጅሽን ሰብስቢ። ይተንፍስ ተይው፣ እሳቱን ብቻ ቀንሺለት።»

ስልኩን ሳንዘጋ ጠበቅን። የድስቱ ፉጨት ይሰማኛል፣ ከደጅ የባጃጁ ጩኸት፣ ቀጥሎ የአስር ሰላት አዛን። ሽታው ብቻ አልመጣ አለኝ። በኋላ እሳቱን አስጠፋኋት፣ ፉጨቱም ቀስ እያለ ሞተ።

«ቀይዋ ወረደች» አለችኝ።

ከከፈተችው ባቄላዋን ልትበላ ስልኩን ልትዘጋው ነው።

«ትንሽ ቆዪ» አልኳት።

«ወርዳለች እኮ፣ እትየ።»

«ግድ የለም፣ ቆዪ።»

አወቀችብኝ መሰለኝ፣ በርጩማ ስትስብ ሰማሁና ተቀመጠችልኝ።