እስከ መጀመሪያው ኩርባ

የደባርቁ መካኒክ ጋሽ ፈንቴ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ፣ አባቴ በላከልኝ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ከክረምቱ ጀምሮ ሳል አልለቀቃቸውም ነበር። እኔ ገና የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ስለ እርሳቸው ለመጻፍ ከእኔ የሚሻሉ ብዙዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ሆኖም መኪናችሁን አምናችሁ ለሰጣችኋቸው ሁሉ፣ በዓይኔ ያየሁትን አንድ ነገር ልነግራችሁ ወደድሁ።

አባቴ ወረታው ከደባርቅ ሊማሊሞን እየወረደ ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነው። አንድ ጊዜ ቁልቁለቱ ላይ የተገለበጠ መኪና አየና እንቅልፍ አጣ። ልኳ የሆነ ጎማ በጠፋበት በዚያ ወቅት ጎንደር ሄዶ ሰፋፊ ጎማዎች አገኘ። መኪናዋን ከሚሸከሙት ተደራራቢ ብረቶች፣ ከኋላ ባሌስትራዎችም ሁለት ሁለት ብረት አስወጥቶ መኪናዋን ዝቅ አደረጋት። ዝቅ ያለና የሰፋ መኪና አይገለበጥም ብሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ጎማው ከላዩ ካለው የቆርቆሮ ሽፋን፣ ከፓራፋንጎው ጋር እየተፋተገ ይላጥ ጀመር።

ፓራፋንጎውን በመዶሻ ገፋ እንዲያደርጉለት ብቻ ጋሽ ፈንቴን ለመናቸው። እርሳቸው የጎማውን ጠርዝ እርጥብ ጠመኔ ቀቡና መኪናዋን ግቢያቸው ውስጥ አዞሯት። ጠመኔው አልተነካም። አባቴ ሳቀ። ባዶዋን ስለሆነ ነው አሉት። እህል ጭኖ ጠመኔው ሳይነካ ሲመለስም አልረኩም። «ጆንያ ባስቀመጡት ቦታ ይቆያል፤ ሰው ግን ኩርባ ላይ አብሮ ያዘነብላል። ሰው አምጣ» አሉት።

የገበያ ቀን ስለነበር ሰው አልጠፋም። አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ እየወጣች፣ «ወረታው በነጻ ከጫነንማ ዛሬ በረዶ ይጥላል» ብላ ሁሉንም አሳቀች። መኪናዋ ስትሞላ ጋሽ ፈንቴ ወደ እኔ ዞሩ። ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ።

«ልጅህን ከዚህ ጎማ በላይ አስቀምጣት» አሉት።

አባቴ ትንሽ አመነታና አስቀመጠኝ። መንገዱ ጎድጎድ ብሎ በሚዞርበት ቦታ ስንደርስ ከሥሬ የወፍጮ ዓይነት ድምፅ ተሰማ፤ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ሳቁ ቆመ። ስንወርድ ጠመኔው ጎማው ላይ የለም፤ ፓራፋንጎው ላይ ነጭ መስመር ሆኗል። ጎማው የተላጠበት ቦታ ጣት ያስገባ ነበር።

ጋሽ ፈንቴ የወጡት ብረቶች ይመለሱ ሲሉት አባቴ ግን ተቆጣ። ብረቶቹ ከተመለሱ መኪናዋ ከፍ ብላ ትገለብጠኛለች አለ። እንዲያውም፣ «እርስዎ ገደሉን የሚያውቁት በወሬ ነው» አላቸው። ጋሽ ፈንቴ እጃቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ ቆዩ።

«ፍርሃትህ ልክ ነው» አሉ። «ኩርባ ላይ ጎማ ሲፈነዳብህ ግን ዝቅ ማለቷ አያተርፍህም።»

ሁለት ቀን ሠሩ። ብረቶቹን መለሱ፤ የፓራፋንጎውን ጠርዝ ቀስ እያሉ ከጎማው አርቀው ወደ ላይ አጠፉት። እንደገና ጠመኔ ቀብተው፣ እንደገና ሰው ሞልተው ሞከሯት። ነጩ ሳይነካ ተመለሰ። አባቴ ሊማሊሞን ሊወርድ ሲነሳ ራሳቸው ከዚያ ጎማ በላይ ተቀምጠው እስከ መጀመሪያው ኩርባ ሄዱ፤ ከዚያ ወርደው በእግራቸው ተመለሱ። ለሠሯት መኪና ሁሉ እንዲህ ያደርጉ ነበር።

ይህን ለሥራቸው ከመጠንቀቅ ብቻ የመጣ አድርጌ እቆጥረው ነበር። እናቴ ናት በኋላ የነገረችኝ፤ ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰደውን አንድያ ልጃቸውን በጭነት መኪና ላይ ሆነው የሸኙት እስከዚያ ኩርባ ነው። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ አልመጣም። እርሳቸውም አላወሩንም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። አለመጠየቄ አሁን ይከብደኛል።

አባቴ ብዙ የሚጽፍ ሰው አይደለም። አስከሬኑን ከሊማሊሞ ግርጌ ወዳለው የትውልድ መንደራቸው ያወረደው እርሱ እንደሆነ፣ ለቀስተኛው መኪናዋን መቆሚያ እስኪጠፋ እንደሞላት ጽፎልኛል። የመጨረሻው መስመር ይህ ነው፦ «ከመነሳታችን በፊት ጎማውን ጠመኔ ቀባሁት። ታች ስንደርስ ነጩ እንዳለ ነበር።»

ጋሽ ፈንቴ፣ እኛን እስከ መጀመሪያው ኩርባ ሸኝተው ብቻዎን ይመለሱ ነበር። እርስዎን አባቴ እስከ ታች ድረስ ሸኘዎት፤ እኔ አንድ እርምጃ እንኳ አልሸኘሁዎትም። ልጅዎ አንድ ቀን በዚያ መንገድ ከተመለሰ፣ ደባርቅ ሲደርስ የት እንዳሉ እኛ እንነግረዋለን። መኪናዋ ሙሉ ነበረች፣ ጎማውም አልነካም፤ አሁን ይረፉ።