ቡችላ ነው ያልኩት ጥቁር

ቡታጅራ የእንስሳት ክሊኒክ ስሠራ አንዲት ትንሽ አልትራሳውንድ ነበረችን። በኢሕአዴግ ጊዜ አንድ የበግ እርባታ ፕሮጀክት ሲዘጋ ትቶልን ሄዶ ነው። ሥራዋ በግ ማርገዝ አለማርገዟን መለየት ብቻ ነበር። ፈሳሽ በስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ጥቁር ካየሁ «አርግዛለች» እላለሁ፣ ገበሬው «አልሐምዱሊላህ» ይላል፣ ቀጣይ! ሁለት ዓመት እንዲህ ምሥራች ሳድል ኖርኩ። ደስ ይላል፤ ያሰንፋልም።

አንድ ቀን ከእንሴኖ ወገን አንድ ሽማግሌ ውሻቸውን በጋሪ ይዘው መጡ። አይሱዙ ገጭቷታል። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤት ውስጥ ከእሷ በቀር የሚጠብቃቸው የለም። የውሻ ለሃጭ የነካውን ልብስ ሳያጥቡ አይሰግዱበትም፤ እሳቸው ግን ጋቢያቸውን ከሥሯ አንጥፈውላታል። ጋቢውን ሳየው፣ «ይታጠባል» አሉኝ።

ድዷ ነጥቷል። አይቻለሁ፤ አላየሁም አልልም። ግን የአንድ ለአምስት ስብሰባችን ሊጀመር ነው፣ የቀረ ሰው ደግሞ ይገመገማል። ጄሉን ቀብቼ መሣሪያውን ሆዷ ላይ ባስቀምጠው፣ ጥቁር!

«አባባ፣ እንኳን ደስ አልዎት! አርግዛለች» አልኳቸው። ስክሪኑንም አሳየኋቸው።

«በአላህ!» ብለው ሳቁ። «አንዱ ቡችላ ያንተ ነው።»

የሕመም ማስታገሻ ወግቼ ሸኘኋቸው። ኋላ ሳስበው፣ እርግዝና ቢሆን ጥቁሩ ክብ ክብ ሆኖ ለየብቻ ይታይ ነበር። የእሷ አንጀቷ መሃል ተንጣልሎ ነበር። ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ እኮ! በአደጋ ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደምም ጥቁር ነው። ድዷን ያነጣውም እሱ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

በማግስቱ ሽማግሌው በዚያው ጋሪ ተመለሱ። ውሻዋ ሞታለች። ሊቆጡኝ የመጡ መስሎኝ ነበር። በእጃቸው በሃይላንድ ወተት ይዘዋል።

«ልጄ፣ እሷስ ሄደች። ቡችሎቹን ቶሎ አውጣልኝ፤ እኔ አሳድጋቸዋለሁ።»

ያ ጥቁር ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ቡችላ የለም ማለት ነበረብኝ፤ አፌ እምቢ አለኝና ቢላ አነሳሁ። ሆዷን ስከፍተው ደም ብቻ ነበር። ጉበቷ ተሰንጥቋል።

ጎንበስ ብለው ፈለጉ። «ታዲያ ትናንት ያሳየኸኝ ምን ነበር?»

«ደሟ ነው አባባ። ተሳስቼ ነው። አውቄ ቢሆን ከዚህ አላስወጣትም ነበር።»

የወተቱን ሃይላንድ መሬት ላይ አስቀመጡት። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

«እኔ እኮ» አሉ በመጨረሻ፣ «ልትወልጂ ነው፣ በርቺ እያልኳት ነው ያደርኩት።»