የእትዬ ጥሩነሽ እልልታ

ባለፈው ሳምንት መነጽሬን ላሠራ ፒያሳ ወጥቼ አንዲት ልጅ አስቆመችኝ። «አባባ፣ ትኬት ይግዙልን፤ የሙዚቃና የሥዕል ምሽት አለን። ገቢው ለስደተኞች ጠበቃ ማቆሚያ ነው።» ጉልበቴን እያመመኝ ነበርና እዚያው ካፌ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። እንዲህ ያለ ምሽት በወጣትነቴ እኔም አዘጋጅቼ አውቃለሁ፤ አልነገርኳትም እንጂ። ስለ ድሮ ማውራት ይደክመኛል፤ የሚሰማኝም ሳይደክመው አይቀርም።

የእኛ ምሽት ለጋሽ ሳልህ ነበር። ጋሽ ሳልህ የሰፈራችን የእሪ በከንቱ ልብስ ሰፊ ነበር። እናትና አባቱ ከየመን መጥተው እዚሁ ወለዱት፤ በአራዳ ቋንቋ ደግሞ ሁላችንንም ያስከነዳን ነበር። አንድ ክረምት ላይ ግን «የውጭ አገር ሰው ነህ፤ ያለ ፈቃድ ነው የገባኸው፤ ውጣ» ተባለ። ወዴት ይውጣ? የመንን በዓይኑ አይቷት አያውቅም።

እኛ የሰፈሩ ወጣቶች የቀበሌውን አዳራሽ ለምነን ቲያትርና ዘፈን አዘጋጀን። እኔ ክራር እመታለሁ፤ እችልበት ነበር ብዬ ግን አልዋሽም። የመድረኩን መጋረጃ ራሱ ጋሽ ሳልህ ሰፋልን። ሚስቱ በር ላይ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ሰዉ ጭቃውን እያራገፈ ይገባል፤ አዳራሹ እርጥብ ጋቢና ዘይት ይሸታል። ሰዉ ሳቀ፣ አለቀሰ፣ አጨበጨበ፤ ከኪሱም አልሰሰተም።

መጨረሻ ላይ በዚያ ገንዘብ ያቆምንለት ጠበቃ መድረክ ላይ ወጣ። «እግዜር ይስጥልን። አሁን የቸገረኝ ምስክር ነው። ጋሽ ሳልህ እዚህ መወለዱን የሚያውቅ፣ ችሎት ቀርቦ የሚናገር ሰው እጁን ያውጣ።»

ያ ሁሉ ሲያጨበጭብ የነበረ እጅ የት እንደገባ እንጃ። አንዱ ጫማውን ያያል፣ ሌላዋ የልጇን ኮት ትቆልፋለች። ያን ጊዜ ዳኛ ፊት ስም ማስመዝገብ ያስፈራ ነበርና ዛሬ አልፈርድባቸውም። ያን ዕለት ግን ፈርጄባቸዋለሁ። ጋሽ ሳልህ መጋረጃውን አውርዶ ማጠፍ ጀመረ።

የቀጠሮው ቀን ያለ ምስክር ችሎቱ በር ላይ ቆመን ሳለ፣ እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ከች አሉ። የጋሽ ሳልህ የግድግዳ ጎረቤት ናቸው። የእሱ አሸንዳ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃውን እሳቸው ግቢ እየለቀቀ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። ለምሽታችን እንኳ አልመጡም። ሊያሳጡት የመጡ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«አመልካቹን ያውቁታል?» አሉ ዳኛው።

«አላነጋግረውም።»

ጠበቃው ዓይኑን ጨፈነ።

«እዚህ አገር መወለዱንስ በምን ያውቃሉ?»

«እልል ያልኩት እኔ ነኛ! እናቱ ለአገሩ እንግዳ፣ ዘመድ የላት። አዋላጇ ‹ወንድ ነው› ስትል ደጅ ወጥቶ የሚያበስርላት ጠፋ። እኔም ገና ሙሽራ ነበርኩ፤ እያፈርኩ ወጥቼ ለወንድ እንደሚባለው ሰባቴ እልል አልኩ። ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ዛሬ ጆሯቸው ከደነቆረ እኔ ምን ላድርግ!»

ጋሽ ሳልህ አልተባረረም። ውሳኔው የተነበበ ዕለት ጉልበታቸውን ሊስም ቢጎነበስ፣ «ይልቅ አሸንዳህን አስጠግን» ብለውት መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሁለቱም አርፈዋል። ትኬቱን ገዛሁና ልጅቷን «ጠበቃውስ እሺ፤ ምስክር አላችሁ?» አልኳት።

«የምን ምስክር፣ አባባ?» አለችኝ ፈገግ ብላ። እስኪ ከየት ጀምሬ ላስረዳት?

ወደ ቤቴ ስመለስ በእሪ በከንቱ በኩል አለፍኩ። ሰፈሩ ፈርሷል፤ ሰዉም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። የተወለድኩበት ቤት የቱ ጋ እንደነበር መለየት አቅቶኝ ብዙ ቆምኩ። እናቴ እንደነገረችኝ ለእኔም እልል ያሉት እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። ዛሬ አንድ ሰው «እዚህ መወለድህን ማን ያውቃል?» ቢለኝ፣ የምጠራው ሰው የለኝም።