ተረት በድንጋይ

የበደለኝ ታደሰ ነው። ስሙን ከፊት ያስቀመጥኩት ሰው እንዲጠላው ብዬ አይደለም፤ የሚጠላው ሞልቶታል፣ የኔ አይጎድልበትም። ልጅ ሳለሁ በአንድ ምድጃ ዳር፣ ጉልበቱ ጉልበቴን እየነካ፣ እኔ የሰማሁትን ተረት የሰማ ሰው ስለሆነ ነው። ሌላ ሰው ቢያደርገው ኖሮ እንደ ልማዴ ሰድቤው እተኛ ነበር። ታደሰ ሲያደርገው ግን ስድቡም አልወጣልኝ፣ እንቅልፉም አልመጣልኝ።

ያኔ አምቦ በመንግሥት ወረቀት ላይ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር፤ እኛ መቼም አምቦ ከማለት አልተመለስንም። ሰፈራችን ከከተማው ጠርዝ፣ መሬቱ ወደ ሁሉቃ ወንዝ ቁልቁል ከሚወርድበት ላይ ነበር። ከኛ ቤት ከፍ ብሎ አባባ ጅራ የሚባሉ ሽማግሌ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። በጉልምስናቸው ከወንጪ ገብስና እንሰት በፈረስ እየጫኑ ወደ አምቦ ገበያ ያመላልሱ የነበሩ ሰው ናቸው፤ እኔ ሳውቃቸው ፈረሱ ሞቶ፣ ኮርቻው ብቻ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ጥቀርሻ ይጠጣ ነበር። ከጓሯቸው ሥር ጎርፍ የበላው ቦረቦር ነበር። በየክረምቱ ዳሩን እየቆረሰ ወደ ቤታቸው ይጠጋል። ከቦረቦሩ ግርጌ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ የሚቀዳላት አንዲት ትንሽ ምንጭ ነበረች፤ ከሷ የተረፈው እየተንፏቀቀ ወርዶ ሁሉቃ ይገባል።

አባባ ጅራ ተረት ያውቃሉ። በነፃ ግን አያወሩም፤ ዋጋው ድንጋይ ነው። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የሰፈሩ ልጆች ድንጋያችንን ታቅፈን እንወጣለን፤ እሳቸው ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ ይጠብቁናል። «ኢጆሌ፣ ድንጋያችሁስ?» ይላሉ፤ ልጆች ማለታቸው ነው። ጡጫ የምታክል ይዞ የመጣውን «ይቺ ለአፍንጫህ ናት? ሂድና ድንጋይ የሚባል ነገር አምጣ» ብለው ይመልሱታል። አንድ ቀን ወንዶቹን ላሳፍር ብዬ፣ ደረቴ እስኪላጥ ድረስ የሚያህለኝን ድንጋይ ተሸክሜ ወጣሁ። አባባ ጅራ አዩኝና «ይቺን ልጅ የሚያገባት ሰው ይታዘንለት» አሉ። ታደሰ በሳቅ ፈረሰ። የያዝኩትን እግሩ ላይ ልጥልለት አስቤ ነበር፤ ያን ምሽት ተረቱ እንዳይቀርብኝ ብዬ ተውኩት።

ድንጋዩን ራሳችን ነን ቦረቦሩ ውስጥ የምንደረድረው። እሳቸው በከዘራቸው ቦታውን ይጠቁማሉ፤ «ሰፊው ፊቱ ወደ ጎርፉ! ጎርፍ ሲመጣ ፊት ለፊት ይየው እንጂ ጀርባውን አይስጠው!» እያሉ ይጮኹብናል። እኛ ጨዋታ ይመስለናል። ከዚያ እጃችንን ታጥበን እንገባለን። ያኔ የወይራው ጉማጅ ከዳር ከዳር አመድ እየለበሰ፣ ከመሃል እየቀላ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ኩራዙ የጋዝ ሽታውን እየተፋ፣ የኮርቻው ጥላ በግድግዳው ላይ ከፍ ዝቅ ሲል ፈረሱ ተመልሶ የመጣ እየመሰለን፣ እኛ ደግሞ እርስ በርስ እየተጓሸምን ሳለ፣ አባባ ጅራ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና «ዱሪ ዱሪ» ብለው ይጀምራሉ፤ ድሮ ድሮ ማለታቸው ነው። ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ እንደ ፈለጋቸው ይሻገራሉ፤ መሻገራቸውን ያስተዋለ ልጅ ግን አልነበረም።

ዱሪ ዱሪ፣ አንድ ወንዝ ነበር። ሰዎቹ ይጠጡታል፣ ልብስ ያጥቡበታል፣ ከብት ያጠጡበታል። ከዳሩ ሣሩን አጨዱ፣ ዛፉን ቆረጡ፣ አፈሩን ለቤት ምርጊት ዛቁ። አንድ ጠዋት ቢነሱ ወንዙ የለም። ተነስቶ ሄዷል። አንዲት አሮጊት እርጥብ ዱካውን ተከትላ አገር ላገር ዞረች፤ በመጨረሻ ከአንድ ቋጥኝ ሥር ኩርምት ብሎ አገኘችው። «ምነው ጥለኸን ሄድክ?» አለችው። ወንዙም «ራቁቴን አስቀራችሁኝ፤ ራቁቴን በሰው መሃል እንዴት ልለፍ?» አላት። አሮጊቷ ይህን በሰማች ጊዜ...

እዚህ ላይ አባባ ጅራ ፍሙን በአመድ ያዳፍኑታል። «የቀረው ነገ። ድንጋያችሁን ይዛችሁ» ይላሉ።

በማግስቱ ድንጋይ ይዘን እንመጣለን። አሮጊቷ አንድ አገር ጨምራ ትዞራለች፣ መንገድ ላይ ጅብ ያነጋግራታል፣ ወንዙ ሌላ ቋጥኝ ሥር ይገኛል፤ ያቺ ጥያቄ ላይ ሲደርስ ግን አመዱ ይመጣል። መጨረሻውን ሳይነግሩን ሞቱ። በቀብራቸው ላይ ታደሰ ከሰው ሁሉ በላይ አለቀሰ። ሰዎቹ «ምን ያለ አንጀት ያለው ልጅ ነው» አሉ። እኔ ከጎኑ ስለነበርኩ የሚለውን ሰምቻለሁ፤ «ሳይጨርሱልን! ሳይጨርሱልን!» እያለ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ባሳጥረው ይሻላል፤ እኔም ይደክመኛል፣ አንባቢም ይሰለቻል። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ በጀርባዬ አዝዬ ነው። መንግሥት ሲለወጥ በነበረው ግርግር ከላያችን ያለው ጋራ ዛፉ ተጨፍጭፎ አለቀ፤ ጎርፉ አባባ ጅራ ይኖሩበት የነበረውን ቤት ወሰደው፤ የደረደርነውን ድንጋይ ደለል ቀበረው፤ ምንጯም እየቀጠነች ሄዳ አንድ በጋ ጭራሽ ደረቀች። ሰው ወደ ቦኖ ዞረ። ምንጭ ደረቀ ብሎ ልቅሶ የተቀመጠ የለም።

ቦረቦሩን መልሶ ማዳኑን እኛ የዕድሩ ሴቶች ነን የጀመርነው። ከላይ ማንም አዝዞን፣ አበል ከፍሎን አይደለም። እሁድ እሁድ የኦርቶዶክሶቹ ቅዳሴ፣ የጴንጤዎቹም አምልኮ ሲያልቅ አካፋና ዶማ ይዘን እንወጣለን። ወጣቶቹ በኋላ ተቀላቀሉን። መጀመሪያ ቀን ችግኙን ሁሉ ከነላስቲኩ ቀበሩት! «እናንተ፣ እናታችሁ ስትወልዳችሁ ከነከረጢት ነው የጣለቻችሁ?» ብዬ ችግኙን ሁሉ መልሼ አስነቀልኳቸው። ለአንድ ቀን መጥቶ ችግኝ ታቅፎ ፎቶ የሚነሳም አለ፤ እሱ ሲሄድ የምናጠጣው እኛ ነን። የዚህ ሥራ ድካሙ ይሄ ነው። መቆፈሩ ምንም አይደለም፤ ወገብ ያሳምማል እንጂ አይገድልም። ፍየል የበላውን መልሶ መትከል፣ ጎርፍ የናደውን መልሶ መካብ፣ ባለፈው ዓመት የለመንከውን ሰው ዘንድሮም «እባክህ ከብትህን አታስገባ» ብሎ መለመን ግን ነፍስ ያደክማል።

ቦረቦሩን ስንጠርግ ዶማው ድንጋይ አገኘ። ከሥሩ ሌላ፣ ከዚያም ሥር ሌላ። ሁሉም ሰፊ ፊቱን ወደ ላይ፣ ወደ ጎርፉ አዙሯል። ያኔ ታደሰም ከኛ ጋር ይሠራ ነበርና ተንበርክኮ ጭቃውን በእጁ ጠረገ። «ብርቄ፣ ነይ እይ» አለኝ። «ያቺ ያንቺ ናት። ትዕቢተኛዋ።» ያቺ ደረቴን የላጠችው ድንጋይ ነበረች። ሁለታችንም አርጅተን እንደ ልጅ ሳቅን። በአሮጌው ድርድር ላይ አዲሱን ካብን፤ ከግርጌው ቀርከሃና የዝሆን ሣር ተከልን። አንድ ሁለት ክረምት አልፎ ምንጯ መጀመሪያ እንደ ላብ፣ ኋላ እንደ ምንጭ ተመለሰች። የታደሰ አጥር ከካቡ ጋር ስለሚዋሰን፣ ጠባቂነቱን ለሱ ሰጠን። ከሱ ሌላ ማንን እናምናለን?

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ግንቦት ማለቂያው ላይ እህቴ ሞታብኝ ጊንጪ ልቅሶ ሄድኩ። ስመለስ ሻንጣዬን እንኳን ሳላስቀምጥ፣ እንደ ልማዴ ካቡን ልይ ብዬ ወጣሁ። ካቡ የለም። መሃሉ አፉን ከፍቷል፤ የጋሪ ጎማ መስመር ከዚያ ተነስቶ ታደሰ በር ይገባል። ተከትዬው ገባሁ። ግቢው ውስጥ የቤት መሠረት ተቆፍሯል፤ ድንጋያችን ግማሹ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል፣ ግማሹ ተከምሯል። የኔዋ ማዕዘኑ አጠገብ ተቀምጣለች።

ታደሰ ከቤት ወጣ። «ብርቄ! ገባሽ? እግዜር ያጥናሽ። ቁጭ በይ፣ የጊንጪ ሰዎች እንዴት ናቸው?»

«ጊንጪን ተዋት። ድንጋዩን ማን አነሳው?»

«እኔ ነኝ» አለ፣ ሳያፍር። «ልጄ ዘንድሮ ሊያገባ ነው። መሠረቱን ከክረምት በፊት ካልጣልኩ ሙሽራዋን የት ላስገባት? የድንጋይ ካባው ሩቅ ነው፤ ይሄ ደጄ ላይ ነው። ደግሞስ እኔም ተሸክሜዋለሁ፤ ግማሹ የኔ ነው።»

«እንግዲያው የራስህን ለይተህ ውሰዳ! የትኛው ነው ያንተ? አሳየኝ!»

ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ብላ «አዴ ብርቄ፣ በእግዜር፣ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፣ ጎረቤት ይሰማል» አለችኝ።

«ይስማ! ለዚህ ነው አፍ የተሰጠኝ!»

«የልጅ ጨዋታ እኮ ነው ብርቄ» አለ ታደሰ፣ ረጋ ብሎ፤ የባሰ ያናደደኝም መርጋቱ ነው። «አንድ ብቸኛ ሽማግሌ ጨዋታ ናፍቆት ልጅ ሰበሰበ፤ በቃ። ክረምቱ ይለፍና እመልሰዋለሁ።»

«ክረምቱ ካለፈ ምን ላይ ትመልሰዋለህ? ምንጯ ላይ ደለል ሲከመር? ችግኙ ሁሉቃ ሲገባ?»

ያኔ ነው ያቺን ያለኝ። «አንቺ መቼም ወንዙ የግልሽ ይመስልሻል። ለመሆኑ ማን ሾመሽ?»

መልስ አላጣሁም፤ በሕይወቴ መልስ አጥቼ አላውቅም። ጉልበት ነው ያጣሁት። ጥቁር ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ለማን ልናገር? እሁድ የሚወጣው ሰው ሳስቷል። ሴቶቹ ግማሾቹ ታመዋል፣ ግማሾቹ ሞተዋል፤ ወጣቶቹ አዲስ አበባ ገብተዋል። መብራት ስላልነበረ ኩራዜን ለኮስኩ፣ ከሰሌን አያያዝኩ፣ ተቀመጥኩ። በወንጪ በኩል ሰማዩ ይጉረመረማል። ማን ሾመሽ? እውነቱን ነው፤ የሾመኝ የለም። ከልጅነቴ ምን ቀረ ብዬ ባስብ፣ የአባባ ጅራ መልክ እንኳን ጠፍቶብኛል። የቀረው የጋዙ ሽታ፣ ግድግዳው ላይ የሚዘለው የኮርቻ ጥላ፣ ያ ያልተጨረሰ ጥያቄ፣ ደግሞም ድንጋይ ሲይዝ ሰፊውን ፊት ሳያይ የሚያውቅ እጅ ነው። መጨረሻውን የደበቁን ድንጋይ ለማስመጣት ነው ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ አምቻቸዋለሁ። ያን ምሽት ግን፣ እሳቸውም መጨረሻውን አያውቁት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አሮጊቷ ምን እንዳለችው ቢያውቁ ኖሮ፣ ቦረቦር ዳር ብቻቸውን ተቀምጠው ልጅ ይለምኑ ነበር? ከሰሉን በአመድ አዳፈንኩት።

ጠዋት ዝናቡ ገና አልወረደም። ሳልጠራ ታደሰ ግቢ ገባሁና ማዕዘኑ ላይ፣ ትዕቢተኛዋ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የልጅ ልጆቹ ፊታቸውን እየታጠቡ ነበር። ታደሰ መፋቂያውን አፉ ውስጥ እንዳደረገ በሩ ላይ ቆመ፤ አላስወጣኝም።

«ኢጆሌ፣ ኑ እስቲ» አልኳቸው። «ዱሪ ዱሪ፣ አንድ ወንዝ ነበር።»

አወራሁላቸው። አገሩን አዞርኳቸው፣ ከጅቡም አነጋገርኳቸው፣ ቋጥኙ ሥር አደረስኳቸው። «ራቁቴን በሰው መሃል እንዴት ልለፍ?» አልኩና ቆምኩ። ትንሿ ልጅ «ከዚያስ? አሮጊቷ ምን አለችው?» አለችኝ።

«የቀረው ድንጋይ ይዞ ለመጣ ነው» አልኩ።

ተነስቼ ከክምሩ ላይ አቅሜ የሚችላትን አንዷን ታቀፍኩ፤ ትዕቢተኛዋንማ አሁን ወገቤ አይችላትም። ቀስ እያልኩ ወደ ቦረቦሩ ወጣሁ። ሰፊ ፊቷን ወደ ጎርፉ አዙሬ አስቀመጥኳት። ከበስተኋላዬ ድንጋይ ከድንጋይ ሲፋጭ ሰማሁ፤ ለልጅ እጅ የሚከብድ ድንጋይ ነበር፣ የሚያነሳውም ሰው እንደ ሽማግሌ ያቃስታል። አልዞርኩም። ተንበርክኬ የትዕቢተኛዋን ቦታ ከጭቃው መጥረግ ጀመርኩ።